ርካሹ ታሪፍ የቆጣሪው ነው ወይስ የቤተሰቡ?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለመብራትም ይሠራል።

ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፊቷ የተዘረጋው ሐይቅ የስንቱን ከተማ አምፖል እንደሚያበራ ለመቁጠር ያስቸግራል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ የሚዞረው ከዚሁ ሐይቅ በሚወጣው ውሃ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ስቦ ወደ በለስ ወንዝ በመልቀቅ እስከ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ ግድብም የቆመው በዚሁ በዓባይ ላይ ነው።

በዚህ ሐይቅ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ልጆቿን ይዛ የምትኖር እናት ግን እንጀራዋን በእንጨት፣ ወጧን በከሰል ትሠራለች። መብራት ስለሌለ አይደለም። ጣሪያው ላይ አምፖል ተንጠልጥሏል፤ ስልኳንም ቻርጅ ታደርጋለች። ቤቱን ስትከራይ ግን አንድ ነገር ተነግሯታል፦ «ምጣድና ምድጃ ክልክል ነው።» ይህቺ እናት ጎርጎራ ብቻ አይደለም ያለችው። ቆላድባም፣ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም አለች። ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ቃል ሰምቶታል።

አከራዩን መውቀስ ቀላል ነው። ይሁንና ክልከላው የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከሒሳብ ነው። በግቢው ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ቆጣሪ እሱም ተከራዮቹም ይጠቀማሉ። አንዷ ምጣድ ከጣደች የሁሉም ቢል ወደ ላይ ይዘላል። ሰውዬው የሚፈራው ይህን ዝላይ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እሱ ሳይሆን ዝላዩን የፈጠረው አሠራር ነው። መንግሥት ለዝቅተኛ ነዋሪ ብሎ ያስቀመጠው ርካሽ ታሪፍ የተሰጠው ለቤተሰብ ነው ወይስ ለቆጣሪ?

መልሱን ለማግኘት የታሪፉን መሰላል ማየት ያስፈልጋል።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከ12 ዓመት በላይ የመብራት ዋጋ ሳይነካ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደረገ፤ በየዓመቱ እየጨመረም እስከ 2014 ዓ.ም. ዘለቀ። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት ግን ጭማሪው እንዳይነካው ተደረገ። ለእሱ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በነበረበት በ0.2730 ብር ቀጠለ። ከዚያ በላይ ያለው እርከን በእርከን ከፍ አለ። የማሻሻያው ጊዜ ሲያበቃ ከ51 እስከ 100 የሚጠቀመው 0.7670 ብር፣ ከ101 እስከ 200 የሚጠቀመው 1.6250 ብር፣ ከ201 እስከ 300 የሚጠቀመው 2 ብር፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ 2.4810 ብር ደረሰ።

ሐሳቡ ደግ ነው። ጥቂት የሚጠቀም ጥቂት ይክፈል፣ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል ነው የሚለው። ችግሩ ያለው አብዛኛው ደንበኛ ልብ በማይለው አንድ ነጥብ ላይ ነው። ዋጋው የሚታሰበው የመጀመሪያው 50 በርካሹ፣ ቀጣዩ 50 በሁለተኛው እየተባለ አይደለም። ጠቅላላ የወሩ ፍጆታ የሚያርፍበት እርከን ዋጋ ሙሉውን ፍጆታ ያስከፍላል። አንድ እርከን የረገጠ ሰው ታች የነበረውንም በአዲሱ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

የአገልግሎት ክፍያን ወደ ጎን ትተን በእነዚሁ ዋጋዎች እናስላው። በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይከፍላል። 51 ከሆነ 39 ብር ይሆናል። 100 የተጠቀመ 76 ብር ከ70 ሳንቲም ይከፍላል። 101 የተጠቀመ ግን 164 ብር። አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ያህል የተረሳ ምድጃ፣ ሒሳቡን ከእጥፍ በላይ አደረገችው። ዋጋው በየእርከኑ ተከፋፍሎ ቢታሰብ ኖሮ 101 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያስከፍለው 54 ብር ገደማ በሆነ ነበር።

እነዚህ ዋጋዎች ዛሬ ከፍ ብለዋል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ማሻሻያ መጣ። ይህኛው በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚቀጥል ነው። ዝቅተኛ ተጠቃሚዎች በድጎማ እንደሚታገዙም ተነግሯል። ዋጋው በየሩብ ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር በየትኛው እርከን ላይ መቆም የሚለው ጥያቄ ለቤተሰብ ኪስ ይበልጥ ይከብዳል። ድጎማው ትልቅ በሆነ መጠን ከድጎማው ውጭ የቀረ ሰው የሚያጣውም ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ።

በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። አራቱም ጥቂት የሚጠቀሙ ናቸው፤ አራቱም ርካሹ ታሪፍ የታሰበላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በ2014ቱ ዋጋ 12 ብር ገደማ ይከፍሉ ነበር። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ግን የሚነበበው 180 ነው። 180 በ1.6250 ሲባዛ 292 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 73 ብር ይደርሳል። ይህ ስድስት እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። አምስተኛ ተከራይ ከተጨመረ ፍጆታው 225 ይሆንና ዋጋው ወደ 2 ብር ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ 90 ብር ይደርሰዋል። ማንም አንድ አምፖል አልጨመረም። የተጨመረው ጎረቤት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ታክስ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ተከትሎ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት የ15 በመቶ ታክስ እንዲከፍል ተደርጓል። ወሰኑ የተቀመጠው ዝቅተኛውን ነዋሪ ከታክስ ለማትረፍ ነው። አምስት ተከራይ ያለበት ግቢ ግን ወሰኑን ያልፋል። በዚያው ከተማ ብቻውን በሰፊ ቪላ የሚኖር፣ ቀኑን ከቤት ውጭ የሚውል፣ ምግቡን ሆቴል የሚበላ ሰው ከወሰኑ በታች ሊሆን ይችላል። ቆጣሪ የሚለካው የተቆጠረውን እንጂ ስንት አፍ እንደበላበት አይደለም።

በሌላ ዓለም ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ርካሽ ታሪፍ ሲያወሩ የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው። ለንደን ያለ ኢትዮጵያዊ የመብራት ኩባንያው ቢያስወድድበት ወደ ሌላ ኩባንያ ይሄዳል፤ ወይም እዚያው ደውሎ «ነባር ደንበኛ ነኝ፣ የተሻለ ዋጋ ስጡኝ» ይላል። ኩባንያዎቹ ለአዲስ ደንበኛ ርካሽ ዋጋ እየሰጡ ነባሩን በውድ ሲያስከፍሉ በመቆየታቸው የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ ብቻ የሚቀርብ ታሪፍን ከልክሎ ነበር። እዚያ ክርክሩ በአዲስና በነባር ደንበኛ መካከል ነው።

እኛ ዘንድ አገልግሎት ሰጪው አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ስለዚህ ኩባንያ መቀየር የለም። ነባር ደንበኛ ወደ ርካሽ ታሪፍ የሚሻገርባቸው በሮች ሦስት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው የምድብ ለውጥ ነው። መኖሪያ ቤትና ንግድ የሚከፍሉት በተለያየ ታሪፍ ነው። በቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ የነበረና ሱቁን የዘጋ ሰው ቆጣሪው በንግድ ምድብ እንደተመዘገበ ከቀረ ያለ አግባብ ይከፍላል። ይህ ሰው ማድረግ ያለበት ቢሉ ላይ የተጻፈውን የደንበኛ ምድብ አንብቦ እንዲስተካከልለት ማመልከት ነው።

ሁለተኛው ፍጆታን ዝቅ ማድረግ ነው። እዚህ በር ላይ ግን ምጣድ ቆሟል። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በሳምንት ሁለት ቀን የምትጋግር እናት በወር ከ45 በላይ በምጣድ ብቻ ትጨርሳለች። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ የቀራት ከአምስት የማይበልጥ ነው። እንግዲህ የ50 ወሰን እንጀራ የማይጋገርበት ቤት ወሰን ነው ማለት ነው። ርካሹን ታሪፍ ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ ወደ እንጨትና ከሰል መመለስ ይሆናል። የጣናን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የቀረው ደን በአብዛኛው በደሴት ገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ እንደሆነ ያውቃል። ዩጋንዳ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ2022 ለማብሰያ የሚሆን ቅናሽ ያለው እርከን አበጅታለች፤ በወር ከ81 እስከ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ፍጆታ በቅናሽ እንዲታሰብ አድርጋለች። ማቶኬ ለሚቀቅል አገር የታሰበው እንጀራ ለሚጋግር አገር የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው በር የራስ ቆጣሪ ማውጣት ነው። ተከራይን በእርግጥ ወደ ርካሹ ታሪፍ የሚያሻግረው ይህ ብቻ ነው። ግን ቆጣሪ ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ የቤት ወይም የይዞታ ማስረጃ ይጠየቃል። ተከራይ ደግሞ ማስረጃ ቢኖረው ኖሮ ተከራይ ባልሆነ። በዚያ ላይ ከዓመት በኋላ ሊለቅ ለሚችለው ክፍል ለቆጣሪና ለመስመር መክፈል ለማንም አይዋጥም። ከቢሮውም ወገን ቢታይ፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ከመስመር ጋር ባልተገናኘበት አገር ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ክፍል ቆጣሪ መትከል ትልቅ ወጪ ነው።

ስለ አገልግሎቱም ፍርድ እናድርግ። ትራንስፎርመሩም፣ ቆጣሪውም፣ ሽቦውም በአመዛኙ በዶላር የሚገዛ ነው። ከ12 ዓመት በላይ ያልተነካ ዋጋ ድርጅቱን እንዳደከመው አያከራክርም። ርካሽ መብራት ለሁሉም ይሰጥ ማለት ደግሞ ብዙ የሚጠቀመውን ሀብታም መደጎም ነው። ስለዚህ «ጭማሪው ይሰረዝ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። ድጎማው ጠባብ መሆኑ ተገቢ ነው። ጠባብ ከሆነ ግን ቢያንስ የታሰበለት ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። አሁን ባለው አሠራር ጥቂት የሚጠቀም የቤት ባለቤት ድጎማውን ያገኛል፤ ጥቂት የሚጠቀም ተከራይ ግን የጎረቤቶቹ ፍጆታ ተደምሮበት ያጣዋል።

መውጫው አዲስ ቆጣሪ ላይፈልግ ይችላል። በደቡብ ኮሪያም የቤት መብራት ዋጋ በእርከን የሚጨምር ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀም ከሆነ ግን ነባሩ ደንበኛ ያመለክትና የቆጣሪው ፍጆታ በቤተሰቡ ቁጥር ተካፍሎ እርከኑ ይወሰናል። በእኛ ግቢ ይህ ቢሠራ 180 ለአራት ተካፍሎ 45 ይሆናል፤ አራቱም ቤተሰብ በመጀመሪያው እርከን ይከፍላል። ሽቦ አይዘረጋም፣ ምሰሶ አይተከልም። የሚለወጠው ቢል የሚያወጣው ኮምፒውተር ላይ ያለ አንድ ቁጥር ነው።

«ሰው ያጭበረብራል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፣ ብቻውን የሚኖር ባለ ቪላ አራት ቤተሰብ አለኝ ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ሆኖም የማጣሪያ መንገዱ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ቀርቧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። አዋጁ የሚሠራባቸው ከተሞች ገና ሁሉም ባይሆኑም መንገዱን አሳይቷል። የፋይዳ መታወቂያም አንድ ሰው በሁለት ቆጣሪ ሥር እንዳይመዘገብ ለማድረግ ያገለግላል። የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ በቆጣሪው ላይ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠር ማለት ከባድ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ሌላ ጥቅም አለው። ብዙ አከራይ ውል ማስመዝገብን የሚሸሸው ግብርን ፈርቶ ነው። ያስመዘገበ ግቢ መብራቱ የሚቀንስለት ከሆነ ለመመዝገብ አንድ ምክንያት ያገኛል።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ታሪፉ የወር ነው፤ ስለዚህ ንባቡም የወር መሆን አለበት። መንገድ በሚዘጋበትና ሰላም በማይገኝበት አካባቢ ቆጣሪ አንባቢ በየወሩ ላይደርስ ይችላል። የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ተመዝግቦ በወራቱ ሳይከፋፈል ከታሰበ 45 እና 45 የተጠቀመች እናት 90 እንደተጠቀመች ተቆጥሮ ሁለተኛው እርከን ላይ ትወጣለች። ይህ እንዳይሆን ንባብ የዘገየበት ቢል በወራት ተከፋፍሎ እንዲታሰብ በግልጽ መደንገግና ለደንበኛው በቢሉ ላይ ማሳየት ይገባል። አማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ያሳለፈውን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ቤተሰቦች የሚያደርጉት ነገር አለ። የቆጣሪውን ቁጥር በየወሩ በተመሳሳይ ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳትና ከቢሉ ጋር ማስተያየት አንዱ ነው። ለ100 ወይም ለ200 ጥቂት ሲቀር የወሩን የመጨረሻ ጋገራ በጥቂት ቀን ማዘግየት በትክክል ገንዘብ ያድናል። በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮችም ሒሳቡን በአምፖል ቁጥር ወይም በግምት ከመካፈል ይልቅ በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥመው በተጠቀሙት ልክ ቢካፈሉ ቢያንስ በመካከላቸው ያለው ጭቅጭቅ ይበርዳል። ግን እውነቱን እንነጋገር። እነዚህ ሁሉ መሰላሉ ላይ ላለመውደቅ የሚደረጉ መንጠላጠያዎች ናቸው። መሰላሉን ማስተካከል የሚችሉት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና አገልግሎቱ ናቸው።

ጎርጎራ ዛሬ እንደ ድሮዋ የዓሣ አስጋሪና የጀልባ ከተማ ብቻ አይደለችም። ከሦስቱ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ እዚያ ነው የተሠራው። እንግዳ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል። ሠራተኛ ሲመጣ አከራይ ከጓሮው ሁለት ክፍል ይጨምራል። መምህሩም፣ ነርሷም፣ አስተናጋጁም፣ ግንበኛውም በእነዚያ ክፍሎች ይገባሉ። ክፍሎቹ ይበዛሉ፤ ቆጣሪው ግን ያው አንዱ ነው። ከተማ ባደገ ቁጥር ርካሹን ታሪፍ የሚያጣው ሰው ይበዛል ማለት ነው፤ ታሪፉን ያወጣ ሰው ይህን አስቦ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ሕዳሴ ሲገነባ ቦንድ የገዛው የቤት ባለቤት ብቻ አልነበረም። ተከራይዋም ከደሞዟ ተቆርጦባታል፤ በስልኳም አጭር መልእክት ልካለች። ስታዋጣ የቆጣሪ ቁጥር አልተጠየቀችም። ግድቡ ተመርቆ ሲያበቃ ርካሹን ዋጋ ለማግኘት ቆጣሪ በስሟ ይኑራት ማለት ተገቢ አይደለም። ባለሥልጣኑና አገልግሎቱ ከሚቀጥሉት የሩብ ዓመት ጭማሪዎች በአንዱ ላይ ይህን አንድ መስመር ይጨምሩ፦ በአንድ ቆጣሪ ሥር የሚኖሩ የተመዘገቡ ቤተሰቦች ፍጆታ በቁጥራቸው ተካፍሎ ይታሰብ። ያን ጊዜ አከራዩ «ምጣድ ክልክል ነው» የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። ከጣና ዳር ያለችው እናትም ከደጇ ካለው ሐይቅ በሚመነጨው መብራት እንጀራዋን ትጋግራለች።